ሜኑና ቱልባር በእጅዎ ልክ

ዎርድን ሲከፍቱ ከወረቀቱ በላይ ተደርድሮ የሚጠብቅዎት የበተን ረድፍ ለእርስዎ ተብሎ የተሰናዳ አይደለም። ውል ለሚያረቅ ጠበቃ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ የሰርግ ጥሪ ለሚያሳምር ሰው፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሆን ታስቦ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ የሚተይብ ጸሐፊ ደጋግሞ የሚፈልገውን በተን ሦስተኛው ታብ ጥግ ላይ ተደብቆ ያገኘዋል፤ ነክቶት የማያውቀው ደግሞ አፍንጫው ሥር ተገትሯል።

ይህን ለማስተካከል ሌላ ፕሮግራም መግዛትም ሆነ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ማስተካከያው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር አበላሻለሁ ብሎ ስለሚፈራ ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። እዚህ የማሳየው በሁለት ፕሮግራሞች ነው፦ በማይክሮሶፍት ዎርድና በነፃ በሚገኘው ሊብሬኦፊስ ራይተር። በየቢሮው ያለው ፕሮግራም በአብዛኛው ገጽታው እንግሊዝኛ ስለሆነ የሜኑዎቹን ስም እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስክሪንዎን ከጎን ከፍተው እያመሳከሩ ቢያነቡ ይሻላል።

ቦታቸው አይቀያየር

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ከሶፍትዌሮቹ ታሪክ አንድ ነገር ይታወስ። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2000 ላይ ሜኑዎቹ ራሳቸውን እንዲያሰናዱ አድርጎ ነበር። ተጠቃሚው ብዙም የማይነካውን ትእዛዝ ፕሮግራሙ ይደብቀዋል፤ የተደበቀውን ለማየት ከሜኑው ግርጌ ያለችውን ባለ ሁለት ቀስት ምልክት መጫን ወይም ሜኑው ራሱ እስኪዘረጋ ጥቂት መጠበቅ ግድ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ችግሩ ሰው የለመደውን ሜኑ እያነበበ አለመክፈቱ ነው፤ እጁ የሚሄደው በቦታ ትዝታ ነው። ትናንት ከላይ አራተኛ የነበረው ዛሬ ሁለተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ጓዳዋን ሌላ ሰው እያደራጀባት ጨው የት እንደገባ በየቀኑ እንደምትፈልግ የቤት እመቤት ያደርገዋል።

በዎርድ 2007 ሜኑና ቱልባሩ ከነጭራሹ ተነሥተው ዛሬ የምናውቀው በታብ የተከፋፈለ የበተን ረድፍ፣ ሪበን የሚባለው፣ መጣ። ሪበኑ አይለዋወጥም፤ ይህ ደግ ነው። ግን በዚያ ስሪት ተራው ተጠቃሚ ሪበኑን እንደልቡ ማስተካከልም አልተፈቀደለትም፤ የተተወለት ከላይ ያለችው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር የምትባል ትንሽ ረድፍ ብቻ ነበረች። ሪበኑን ራሱን ማሰናዳት የተቻለው ከ2010 ስሪት ወዲህ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው መመሪያ ለዎርድ 2010ና ከዚያ በኋላ ለመጡት ይሠራል።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ሕግ አንድ ነው፤ አንዴ ያሰናዱትን ቶሎ ቶሎ አይነካኩት። ቦታው ፍጹም ባይሆን እንኳ ካልተለዋወጠ እጅ ይለምደዋል። በየሳምንቱ የሚሻሻል ቱልባር ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ለዚህም ነው ዝግጅቱን ከስክሪኑ ላይ ሳይሆን ከወረቀት የምናስጀምረው።

መጀመሪያ ወረቀት

አንድ ገጽ ወረቀት ከኪቦርዱ አጠገብ ያኑሩ። ለአንድ የሥራ ሳምንት ያህል፣ እጅዎ ከኪቦርዱ ተነሥቶ ማውዝ ይዞ አንድ ነገር ፍለጋ በሄደ ቁጥር የፈለጉትን ነገር ስም ይጻፉ። ሲደጋገም ከጎኑ ጭረት ይጨምሩ። በኮንትሮል ቁልፍ የሚያደርጓቸውን፣ ማለትም ኮፒን፣ ፔስትን፣ ሴቭን አይጻፉ፤ እነሱ ቀድሞውኑ ቦታ አላቸው። ኮፒ ለማድረግ አሁንም ማውዝ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ቱልባር ማሰናዳቱ ይቆይና መጀመሪያ ኮንትሮልና ሲን፣ ኮንትሮልና ቪን ይልመዱ። ከዚያ የበለጠ ጊዜ የሚቆጥብልዎት በተን የለም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን ሲያዩት የተጻፈው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው በየቀኑ የተደጋገመው ነው። አማርኛ ለሚተይብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ይሆናሉ፦ ከቴሌግራም ወይም ከኢንተርኔት የተወሰደ ጽሑፍ የራሱን ፎንትና ቀለም ሳያመጣ ብቻውን እንዲገባ ማድረግ፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ማስተካከል፣ የገጽ መቁረጫ ማስገባት፣ ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ ፈልጎ መተካት። ቱልባሩ ላይ ቦታ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው አልፎ አልፎ የመጣው ነው። ለእሱ በተን አይስጡት፤ ሲያስፈልግ ይፈለጋል። በዎርድ 2016ና በኋላ በመጡት ኦልትና ኪው ሲጫኑ የፍለጋ ሳጥን ይከፈታል፤ የትእዛዙን ስም መጻፍ ሲጀምሩ ራሱን ያመጣልዎታል። ሊብሬኦፊስም ከ7.2 ስሪት ጀምሮ ሺፍትና ኢስኬፕ ሲጫኑ ተመሳሳይ ሳጥን ያወጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ጸሐፊን ደጋግማ የምታሰናክል ትንሽ ነገር አለች፦ የፕሮግራሙ ገጽታ እንግሊዝኛ ከሆነ ፍለጋውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ከጻፉ ምንም አያገኝም። ሰውም «ይህ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ኪቦርዱን ይቀይሩ።

ሦስተኛው ቡድን በጣም አስተማሪው ነው፤ ጉዳዩ የበተን እጥረት አለመሆኑን ያሳያል። ወረቀቱ ላይ «ማድመቅ፣ መጠን 14፣ መሐል ማድረግ» የሚሉ ሦስት ነገሮች ሁልጊዜ ተከታትለው ከመጡ፣ እርስዎ እየሠሩ ያሉት ርእስ ነው። ርእስ የሚሠራው ደግሞ በስታይል ነው። ሄዲንግ ዋን የሚለውን ስታይል አንዴ በሚፈልጉት ፎንትና መጠን ካስተካከሉት በኋላ በዎርድ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1፣ በራይተር ደግሞ ኮንትሮልና 1 ሲጫኑ ሦስቱም ባንዴ ይሆናሉ። ማውጫም ከእነዚህ ርእሶች በቀላሉ ይወጣልዎታል። እንደኔ ፍርድ፣ ሰዎች ቱልባራቸው ላይ ከሚያጭቁት ውስጥ አብዛኛው ስታይል ባለመልመድ የመጣ ነው።

በዎርድ፦ ትንሿ ረድፍ

ሥራው ከኩዊክ አክሰስ ቱልባር ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ መሄድም አያስፈልገውም። በአዲሱ የማይክሮሶፍት 365 ዎርድ ላይ ይህች ረድፍ ተደብቃ ልትመጣ ትችላለች። ሪበኑ ላይ የትም ራይት ክሊክ ያድርጉና ሾው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር የሚለውን ይምረጡ።

በተን የሚጨመረው በጣም በቀላሉ ነው። ሪበኑ ላይ የሚፈልጉትን ትእዛዝ ያግኙ፤ ራይት ክሊክ አድርገው አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር ይበሉ። አለቀ። ለማውጣትም እንዲሁ፤ ረድፏ ላይ ያለውን በተን ራይት ክሊክ አድርገው ሪሙቭ የሚለውን መምረጥ ነው።

ሪበኑ ላይ የማይታዩ ትእዛዞችም አሉ። እነሱን ለማግኘት ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር ውስጥ ይግቡ። ግራ በኩል ካለው ዝርዝር በላይ ቹዝ ኮማንድስ ፍሮም የሚል ሳጥን አለ፤ ኮማንድስ ኖት ኢን ዘ ሪበን ወይም ኦል ኮማንድስ የሚለውን ይምረጡ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በፊደል ተራ ስለተቀመጠ ግን የመጀመሪያ ፊደሉን ካወቁ አይጠፋም። ጽሑፍ ብቻውን የሚያስገባው ትእዛዝ ፔስት ኤንድ ኪፕ ቴክስት ኦንሊ ይባላል። አማርኛ ሰነድ ውስጥ አንዱ አንቀጽ በኒያላ፣ ሌላው በኤብሪማ፣ ሦስተኛው ስሙ በማይታወቅ ፎንት ሆኖ የሚገኘው በአብዛኛው ይህ በተን ባለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ቦታ ለእሱ እመድባለሁ። አዲሶቹ የዎርድ ስሪቶች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ሲጫኑም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ የእርስዎ የሚያደርግ ከሆነ በተኑን ይተዉት።

ተራውን በዚያው መስኮት ቀኝ ዳር ባሉት የላይና የታች ቀስቶች ያስተካክሉ። ተራ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያቱም ዎርድ ለእያንዳንዱ በተን ቁጥር ይሰጠዋል። ኦልትን ሲጫኑ ከበተኖቹ ሥር ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያው ኦልትና 1፣ ሁለተኛው ኦልትና 2 እያለ እስከ 9 ይሄዳል። ከዘጠነኛው በኋላ የሚመጣው ሁለት አኃዝ ይሆንና ኦልትን ይዞ 0ና 9ን ማስከተል ይጠይቃል። ለእጅ የማይመች ነው። ስለዚህ ረድፏ ላይ ከዘጠኝ በላይ አይደርድሩ፤ የበለጠ የሚደጋገመውን በግራ፣ እጅ በቶሎ በሚደርስባቸው ቁጥሮች ላይ ያድርጉ። አንድ ጸረ ጥድፊያ ምክር፦ ኩዊክ ፕሪንት የሚባለው ትእዛዝ ምንም ሳይጠይቅ ሰነዱን በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ ይልከዋል። አንድ ፕሪንተር ለመላው ፎቅ በሚያገለግልበት ቢሮ ከሴቭ ጎን አያስቀምጡት። 80 ገጽ ሪፖርት አንዴ ካመለጠ በኋላ ሮጦ ማስቆሙ ቀላል አይደለም።

ረድፏ ከስክሪኑ አናት፣ ከሰነዱ ስም ጎን ከሆነች ሾው ቢሎው ዘ ሪበን በማለት ከሪበኑ በታች ያውርዷት። ወደሚጽፉበት ቦታ ስለምትቀርብ የማውዙ መንገድ ያጥራል።

በኦፕሽንሱ የኩዊክ አክሰስ ቱልባር መስኮት ላይኛው ቀኝ በኩል ሌላ ጠቃሚ ሳጥን አለ፤ ፎር ኦል ዶኩመንትስ የሚል። እሱን ወደ ተከፈተው ሰነድ ስም ከቀየሩት የሚጨምሯቸው በተኖች የሚታዩት ያ ሰነድ ሲከፈት ብቻ ይሆናል። የቃለ ጉባኤ ቅጽ አዘጋጅተው ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ፣ በተኖቹም ከቅጹ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

የራስ ታብ

ዘጠኙ ካልበቃዎት የራስዎን ታብ ይሥሩ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከስተማይዝ ሪበን ውስጥ ገብተው ኒው ታብ ይበሉ። አዲስ ታብ በውስጡ አንድ አዲስ ግሩፕ ይዞ ይፈጠራል። ሁለቱንም እየመረጡ ሪኔም በሚለው ስም ይስጧቸው። ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ «ደብዳቤ» ወይም «ጥናት» የሚል ታብ ከእንግሊዝኛዎቹ መካከል ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ለመለየትም ይረዳል። ከዚያ ግሩፑን መርጠው ከግራው ዝርዝር ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አድ በማለት ያሻግሩ። በላይና ታች ቀስቱ ታቡን ከሆም ቀጥሎ ያድርጉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚናደድበት ገደብ አለ። ፕሮግራሙ ይዞት በመጣው ግሩፕ ውስጥ፣ ለምሳሌ ፓራግራፍ በሚለው ውስጥ፣ አዲስ ትእዛዝ መጨመር ወይም አንዱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ በተኖቹ ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። የሚቻለው ግሩፑን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ወይም በዚያው ታብ ላይ የራስዎን ግሩፕ መጨመር ነው። ሆም ላይ አንድ የራስዎን ግሩፕ ጨምረው ከዳር ቢያደርጉት አዲስ ታብ ከመሥራት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ከአንዱ ታብ ወደ ሌላው መመላለስ ይቀርልዎታል።

የማይጠቀሙባቸውን ታቦች ከቀኙ ዝርዝር ላይ የራይት ምልክታቸውን በማንሣት ይደብቁ። ድሮው የሚለው በንክኪ ስክሪን ላይ ለማይሠራ ሰው ብዙም ፋይዳ የለውም። ሜይሊንግስ የሚለውን ግን ከመደበቅዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ። ለሁለት መቶ ተማሪ ሰርተፊኬት ከስም ዝርዝር እያነሣ የሚያትመው እሱ ነው፤ ስሙ የፖስታ ሥራ ስለሚመስል ብቻ የሚንቁት ብዙ ናቸው።

ለጣት የሚሆን አቋራጭም ከዚሁ መስኮት ግርጌ፣ ኪቦርድ ሾርትከትስ ከሚለው ጎን ከስተማይዝን በመጫን ይሰጣል። ትእዛዙን ይምረጡ፤ አዲሱን የቁልፍ ጥምረት ይጫኑ። ከሥሩ ከረንትሊ አሳይንድ ቱ የሚለው ያ ጥምረት ቀድሞ ለሌላ ነገር ተሰጥቶ እንደሆነ ይነግርዎታል። ተሰጥቶ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። የሰጡትን አቋራጭ በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ኪቦርድ ይሞክሩት፤ አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርድ ፕሮግራሞች የተወሰኑ ጥምረቶችን ለራሳቸው ይይዛሉ።

በሊብሬኦፊስ ራይተር

ሊብሬኦፊስ በዚህ ጉዳይ ከዎርድ የበለጠ ነፃነት ይሰጣል፤ ሁሉንም ነገር መቀየር ስለሚቻልም የሚጠፋበት መንገድ የዚያኑ ያህል ብዙ ነው። ፕሮግራሙ ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ የድሮውን ሜኑና ቱልባር እንደያዘ ነበር። ሪበን የለመደውን ሰው ለመሳብ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 5.3 ስሪት ላይ ኖትቡክባር የሚባለውን አቀማመጥ ለሙከራ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ6.2 ባለ ታቡ ገጽታ ከሙከራ ወጥቶ ለሁሉም ሆነ። የድሮውም ግን አልተነሣም። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው።

ስለዚህ በራይተር ቀዳሚው ሥራ ከነዚህ አንዱን መምረጥ ነው። ቪው፣ ከዚያ ዩዘር ኢንተርፌስ ይክፈቱ። ስታንዳርድ ቱልባር የድሮው ነው፤ ሁለት ረድፍ በተን ከሜኑው ሥር ይደረድራል። ታብድ ዎርድን ይመስላል። ሲንግል ቱልባር አንድ ረድፍ ብቻ ትቶ ለወረቀቱ ቦታ ይለቃል። ከዎርድ ለመጣ ሰው ታብድ፣ ኮምፒውተርን በድሮው ኦፊስ ለተማረ ሰው ስታንዳርድ ይስማማዋል። እኔ ስታንዳርዱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ሜኑዎቹ ከነስማቸው በቃላት ተዘርዝረው ስለሚቀመጡ በስልክ «ኢንሰርት ውስጥ ግባና ፉትኖት በለው» ብሎ ሰውን መርዳት ይቀላል። በምስል ብቻ የተሞላን ገጽታ በስልክ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ከመረጡ በኋላ አፕላይ ቱ ራይተር ካሉ ለራይተር ብቻ፣ አፕላይ ቱ ኦል ካሉ ለሁሉም የሊብሬኦፊስ ፕሮግራሞች ይሆናል።

ስታንዳርዱን ከመረጡ ቀላሉ ማስተካከያ ይህ ነው፦ ቱልባሩ ላይ ራይት ክሊክ ያድርጉና ቪዚብል በተንስ ውስጥ ይግቡ። በረድፉ ላይ ሊኖሩ የሚችሉ በተኖች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ የማይፈልጉትን ምልክቱን ማንሣት፣ የሚፈልጉትን ምልክት ማድረግ ነው። ይህ ብቻውን ረድፉን በግማሽ ያቀለዋል።

ሌላ ትእዛዝ ለመጨመር ቱልስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ይክፈቱ። ሜኑስ፣ ቱልባርስ፣ ኮንቴክስት ሜኑስ፣ ኪቦርድ የሚሉ ታቦች ያሉበት ትልቅ መስኮት ነው። ቱልባርስ ላይ ሆነው በቀኝ በኩል የሚስተካከለውን ቱልባር ይምረጡ፤ በግራ ሰርች በሚለው ሳጥን የትእዛዙን ስም ይጻፉ፤ መሐል ባለው ቀስት ያሻግሩት። ከዝርዝሩ አጠገብ ባለው ትንሽ ሜኑ ደግሞ ባዶ አዲስ ቱልባር ፈጥረው በአማርኛ ስም ሊሰጡት ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ቱልባሮች ሳይነኩ የራስዎን ለብቻ መሥራት ይሻላል፤ ሲሳሳቱ የሚሰርዙት እሱን ብቻ ይሆናል። ስኮፕ የሚለው ሳጥን የሚሠሩት ለውጥ ለራይተር በሙሉ ወይስ ለተከፈተው ሰነድ ብቻ እንደሆነ ይጠይቃል። ለውጥ አድርገው ሌላ ሰነድ ሲከፍቱ ጠፍቶ ካገኙት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ራይት ክሊክ ሲደረግ የሚወጣውንም ሜኑ እዚሁ፣ ኮንቴክስት ሜኑስ ላይ መከርከም ይቻላል። ዎርድ ይህን በቀላሉ አይፈቅድም። ጽሑፍ ብቻ የሚያስገባውን ፔስት አንፎርማትድ ቴክስት እዚያ አናት ላይ ማድረግ ይቻላል፤ የቁልፍ አቋራጩ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍትና ቪ ስለሆነ አራት ጣት ከማጠላለፍ ያድናል።

ሁሉም ቦታው ከያዘ በኋላ ቱልባሩን ራይት ክሊክ አድርገው ሎክ ቱልባር ፖዚሽን የሚለውን ይምረጡ። ይህን ካልቆለፉት አንድ ቀን ማውዙ ሲንሸራተት ረድፉ ተነቅሎ ወረቀቱ መሐል ይንሳፈፋል። ሰው «ፕሮግራሙ ተበላሸ» ብሎ ከሚጠራባቸው ጉዳዮች ይህ አንዱ ነው፤ ኮንትሮልን ይዞ የተንሳፈፈውን ቱልባር ዳብል ክሊክ ማድረግ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሊብሬኦፊስ ገጽታውን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የማድረግ አማራጭም አለው። በዊንዶውስ ላይ ሲጫን ከስተም የሚለውን መርጠው ከዩዘር ኢንተርፌስ ላንጉዌጅስ ውስጥ አማርኛን ማካተት፣ ከዚያ በቱልስ፣ ኦፕሽንስ የቋንቋ ክፍል ላይ መምረጥ ነው። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆች ወይም ለጀማሪ ጥሩ ነው። አስቀድሞ በእንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግን የለመደው ስም ሁሉ ስለሚለወጥበት ለጥቂት ጊዜ ይቸገራል፤ የቢሮ ጓደኛው ሊረዳው ሲመጣም እንዲሁ።

ትንሽ ስክሪን ላይ

በገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖችና ብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ስክሪናቸው በወርድ 1366፣ በቁመት 768 ነጥብ ነው። ሰፊ ነው ግን አጭር ነው፤ የምንጽፍበት ወረቀት ደግሞ ተቃራኒ ቅርጽ አለው፣ ጠባብና ረጅም። ስለዚህ ከላይ የሚደረደር ነገር ሁሉ ከወረቀቱ ይቆርጣል፤ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ቦታ ግን ማንም አይጠቀምበትም።

በዎርድ ኮንትሮልና ኤፍ 1 ሲጫኑ ሪበኑ ታጥፎ የታቦቹ ስም ብቻ ይቀራል፤ ታቡን ሲጫኑት ለጊዜው ይዘረጋል። ዘጠኙ በተኖችዎ ከሪበኑ በታች ስላሉ ሪበኑ ቢታጠፍም አይጠፉም። ሁለቱ ነገሮች የተሠሩት አብረው እንዲሄዱ ይመስላል። በራይተር ደግሞ ቱልባሩን በጫፉ ይዘው ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ ዳር መጎተት ይቻላል፤ ዳሩ ላይ ሲደርስ ራሱን በቁመት ያስቀምጣል። መቆለፉ ከዚህ በኋላ ይሁን።

ኮምፒውተሩ የብዙ ሰው ሲሆን

በመሥሪያ ቤት ደጃፍ የሚሠሩ የጽሕፈት ቤቶች፣ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎች፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ቢሮዎች ላይ አንድ ኮምፒውተር በብዙ እጅ ያልፋል። ጠዋት የተሠራው ቱልባር ከሰዓት ይፈርሳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዊንዶውስ ላይ የራሱ አካውንት መክፈት ነው፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች ዝግጅቱን የሚያስቀምጡት በተጠቃሚው ስም ስለሆነ አንዱ የሌላውን አይነካም። ይህ ካልተቻለ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ዝግጅት ተሠርቶ ይቀመጥ፤ የግል ምርጫውን የሚፈልግ ከላይ ባየነው መንገድ በራሱ ሰነድ ላይ ብቻ ያድርገው።

ዎርድ ላይ የሠሩትን ወደ ሌላ ማሽን ለመውሰድ ከከስተማይዝ ሪበን መስኮት ግርጌ ኢምፖርት ስላሽ ኤክስፖርት የሚል አለ። ኤክስፖርት ኦል ከስተማይዜሽንስ ካሉ ሪበኑንና ኩዊክ አክሰስ ቱልባሩን አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ያስቀምጥልዎታል፤ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ይውሰዱት። የቁልፍ አቋራጮቹ ግን አብረው አይሄዱም፤ እነሱ የሚቀመጡት ኖርማል በሚባለው የዎርድ ቴምፕሌት ውስጥ ነው። በራይተር በተቃራኒው፣ ኪቦርድ በሚለው ታብ ላይ ሴቭና ሎድ የሚሉ በተኖች ስላሉ አቋራጮቹን ለብቻቸው በፋይል ማውጣት ይቻላል። ሙሉውን ዝግጅት ለመያዝ ሄልፕ፣ ሪስታርት ኢን ሴፍ ሞድ ውስጥ ገብተው አድቫንስድ የሚለው ሥር መላውን የተጠቃሚ ፕሮፋይል በዚፕ ማስቀመጥ ነው።

ነገሩ ሲበላሽ

በዎርድ በከስተማይዝ ሪበን መስኮት ውስጥ ሪሴት የሚል በተን አለ፤ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ የመረጡትን ታብ ብቻ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፤ ሌላው፣ ሪሴት ኦል ከስተማይዜሽንስ፣ ኩዊክ አክሰስ ቱልባሩን ጨምሮ ሁሉን ያጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። ሰነዶችዎ በሁለቱም አይነኩም።

በሊብሬኦፊስ ያው ሴፍ ሞድ ነው። ሪሴት ቱ ፋክትሪ ሴቲንግስ ከሚለው ሥር ሴቲንግሶችንና የገጽታ ለውጦችን መመለስ ወይም መላውን ፕሮፋይል መደምሰስ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሁለተኛው ከቱልባሩ ጋር የራስዎን መዝገበ ቃላትና ቴምፕሌቶችም ይወስዳል፤ በዓመታት ያከማቹት የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ካለዎት መጀመሪያ ዚፑን ያውጡ።

ከሌላ ሰው የተላከልዎትን የዎርድ ዝግጅት ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ የራስዎን ኤክስፖርት አድርገው ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ። ኢምፖርት ሲያደርጉ አዲሱ ከነባሩ ጋር አይቀላቀልም፤ የነበረውን በሙሉ ይተካዋል።